ከግድግዳው ወረቀት ይልቅ ግንዱና ቢላዋው ይታይ

ሥጋ በአገራችን የደስታ ቀን ምግብ ነው። የጾሙ ወራት አልቆ ፋሲካ ሲገባ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ እንግዳ ከሩቅ ሲመጣ፣ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ጓደኛሞች ሲገናኙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ሥጋ ነው። መቀሌም በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ከተሞቻችን የተለየች አይደለችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ የተዘዋወረ ሰው፣ በሜንጦ የተሰቀለውን ብልት፣ በግንድ ላይ የሚያርፈውን የቢላዋ ድምፅና ተራውን የሚጠብቀውን ገበያተኛ አይቶ የከተማይቱን ደስታ ለመረዳት አይቸገርም። እኛም ይህን ደስታ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ዳሩ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ደስታው ወደ ሕመም እንዳይለወጥ ነገሩን ከሥሩ መመልከት የሚያስፈልግ መስሎ ስለ ታየን ይህን ጽፈናል።

ወደ መቀሌ ለሥራ በሄድንበት ጊዜ ከሁለት ወጣቶች ጋር ወደ አንድ ሥጋ ቤት ገባን። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው ትምህርቱን ጨርሶ በጤና ጥበቃ ሥራ ላይ የተሰማራ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ነው። ቤቱ ሲታይ ያማረ ነው። ግድግዳው የተቀባ፣ ሥጋ ቆራጩ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ የጤና ምርመራውና የንግድ ፈቃዱ ወረቀትም በመስታወት ገብቶ የተሰቀለ ነበር። ተራችን እስኪደርስ ቆመን ስንመለከት ግን፣ ዐይናችን ከግድግዳው ወደ ታች ወረደ። የመክተፊያው ግንድ ከዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁም ውስጥ የቆየ ጮማና ደም ጠቁሮ ደርቋል። ቆራጩ ጨጓራና ጉበት ከፍሎ ለአንዲት እናት ከሰጠ በኋላ፣ ቢላዋውን በትከሻው ላይ ባለው ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ለጥሬ የሚሆነውን ሻኛ መቁረጥ ጀመረ። ገንዘቡንም የተቀበለው፣ መልሱንም የሰጠው፣ ሥጋውንም በሚዛን ላይ ያስቀመጠው በዚያው እጅ ነው። በጥግ በኩል ያለው የሥጋ መፍጫ ማሽን አፉ ላይ የጠዋቱ ሥጋ እንደ ተጣበቀ ነበር።

ተማሪው መታገሥ አቃተውና የቤቱን ባለቤት፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ፣ በአክብሮት ጠየቃቸው። «አቦይ፣ ይህን ግንድ በቀን ስንት ጊዜ ያጥቡታል?» አላቸው። ሽማግሌውም አልተቈጡም። «ልጄ፣ ውኃ ሲኖር ማታ ማታ እናጥበዋለን። ውኃ በሌለ ጊዜ በቢላዋ ፍቀን በጨርቅ እንወለውለዋለን። ተቆጣጣሪም መጥቶ ስለ ግንዱ ጠይቆኝ አያውቅም፤ የወረቀቱን ቀን አይቶ ይሄዳል» አሉት። ይህን ጊዜ አብሮን የነበረው ወጣት ተቆጣጣሪ አንገቱን ደፋ። በኋላም ስንወጣ፣ «እኔም ትናንት በሦስት ቤት ያየሁት ወረቀቱን ነው» ብሎ በቅንነት ነገረን። ያን ምሽት ጥሬውን ትተን ጥብስ አዘዝን። የሽማግሌው መልስና የወጣቱ ንግግር ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮአችን አልጠፉም።

ከዚህ የተነሣ ለማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የሥጋ ቤት ንጽሕና የሚታወቀው በተሰቀለው ወረቀት ወይም በጋዋኑ ንጣት አይደለም፤ ሥጋውን በሚነካው ዕቃ፣ ይኸውም በቢላዋው፣ በግንዱ፣ በመፍጫው፣ በሚዛኑና በጨርቁ ነው። ስለዚህ የሚመረምረውም ሹም፣ የሚገዛውም ሰው፣ ሥጋ የሚሸጠውም ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት የሚገባው እነዚህን ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም። የጤነኛ ከብት የውስጥ ሥጋ በሚታረድበት ጊዜ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ተሐዋስያን የሚገቡበት ከቆዳው፣ ከአንጀቱና ከፈርሱ፣ እንዲሁም ከሰው እጅና ከዕቃው ነው። የአንድ ከብት ሥጋ ቢበከል ጉዳቱ ከዚያ ሥጋ ባላለፈ ነበር። ነገር ግን ያው ቢላዋ ሳይታጠብ አሥሩን ብልት ሲቆርጥ፣ ያው ግንድ የሁሉንም ደም ሲቀበል፣ የአንዱ ከብት ብክለት የሁሉም ይሆናል። ተሐዋስያንም እንደ ልባቸው ሙቀትና ምግብ ካገኙ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። በዚህ ስሌት አንዲቷ ተሐዋሲ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። ጠዋት በግንዱ ስንጥቅ ውስጥ የቀረችው ቁራጭ ጮማ እስከ ማታ ምን ልታፈራ እንደምትችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህ ደግሞ በመጽሐፍ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ በመቀሌ ከተማ ተመርምሮ የታየ ነው። በ2005 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በከተማይቱ ቄራና ሥጋ ቤቶች ያለውን አሠራር ከመረመረ በኋላ፣ በቄራው ውስጥ የፈላ ውኃ፣ የቢላዋ መቀቀያና ማቀዝቀዣ አለመኖሩን ገልጿል። ከቄራው ሠራተኞችም የጤና ምስክር ወረቀት የነበራቸው 15.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሥጋ ቤቶች ግን የሥራ ልብስ የማይለብሱት 11.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህም ማለት ከ100 ሥጋ ቆራጭ 88 ያህሉ እንደ ደንቡ የሥራ ልብስ ለብሶ ተገኝቷል ማለት ነው።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ከቄራው በተወሰደው ሥጋ በአንድ ግራም ላይ በአማካይ 110,000 ያህል ተሐዋስያን ተቈጠሩ። በሥጋ ቤቶች ግን ቍጥሩ 560,000 ያህል ሆኖ ተገኘ። በመንገድ ላይ በሚሸጠው ሥጋ ደግሞ ወደ 4.3 ሚሊዮን ደረሰ። እነዚህ ሁሉ በሽታ አምጪዎች ናቸው ማለት አይደለም፤ ቍጥሩ የንጽሕና መለኪያ ነው። ሆኖም ሥጋው ከቄራ ወጥቶ ነጭ ጋዋን ወደ ለበሰው ሰው እጅ ሲደርስ ቍጥሩ በ5 እጥፍ መብለጡ ጋዋኑ ብቻውን እንዳላዳነ ያሳያል። በመካከሉ ያሉት መጓጓዣው፣ እጁ፣ ቢላዋው፣ ግንዱና ሥጋው ሳይቀዘቅዝ የቆየበት ሰዓት ናቸው። ጥናቱ ከተደረገ ዓመታት አልፈዋል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም።

ይህ ነገር የደኻ አገር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በስኮትላንድ አገር በአበርዲን ከተማ የአንጀት ተስቦ ተነሥቶ ከ500 ሰዎች በላይ ታመሙ። ሐኪሞች ነገሩን ሲከታተሉ ያገኙት ምክንያት ከደቡብ አሜሪካ በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ የበሬ ሥጋ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ቆርቆሮ ሥጋ ይህን ያህል ሕዝብ ሊመግብ አይችልም። ቆርቆሮው ተከፍቶ ሥጋው በሱቁ ውስጥ ከተቆረጠ በኋላ፣ መቁረጫው ማሽንና ዕቃው ተሐዋሲውን ተቀብሎ ወደ ሌላው ቀዝቃዛ ሥጋ ሁሉ አስተላለፈው። የታሸገውን ሥጋ ጨርሶ ያልቀመሰ ሰው እንኳ ሌላ ሥጋ ገዝቶ ታመመ። በአህጉራችንም በደቡብ አፍሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 እና በ2018 ሊስቴሪያ የተባለችው ተሐዋሲ በፋብሪካ ከተዘጋጀ፣ ሳይበስል ከሚበላ ሥጋ ጋር ተሰራጭታ ከ1,000 ሰው በላይ ታሞ ከ200 በላይ ሞቷል። ይህች ተሐዋሲ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ መራባት የምትችል ስለሆነች፣ «ፍሪጅ አለን» ማለት ብቻውን መልስ እንደማይሆን ታስተምረናለች። በከተሞቻችን ሞርታዴላና አይብ እየቆረጡ የሚሸጡ መደብሮችም ከዚህ ሊማሩ ይገባቸዋል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ «አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ረዥም ዕድሜ ኖረዋል፤ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ግን ግልጽ ነው። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ የሚበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከብቱ በታረደበት ቀን፣ በደጃፋቸው፣ ጤንነቱን የሚያውቁትን ሰንጋ አርደው ነው። ሥጋው በግንድና በመፍጫ ላይ ከሌላ ከብት ሥጋ ጋር አይቀላቀልም ነበር። እንዲያም ሆኖ ኮሶ ከመጠጣት አልዳኑም። የትሉ ስምና የመድኃኒቱ ስም አንድ መሆኑ ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደ ኖሩ ይመሰክራል። ሌሎች ደግሞ «አረቄና ሚጥሚጣ ይገድለዋል» ይላሉ። አረቄው ከሥጋው ጋር የሚገናኘው በሆድ ውስጥ ተበርዞ ነው፤ ሚጥሚጣውም አፍን ያቃጥላል እንጂ ተሐዋስያንን አይጨርስም። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» እንደሚባለው፣ ሕመሙ የሚመጣው ግብዣው ካለፈ በኋላ ነውና ሰው ሁሉ በሌላ ነገር ያመካኛል።

በዚህ ላይ ሳንገልጸው የማናልፈው ነገር አለ። ዕቃ ማጠብ ከሁሉም በሽታ አያድንም። የኮሶ ትል ዘር በሥጋው ውስጥ ያለ ስለሆነ ቢላዋ ቢታጠብ አይጠፋም፤ እርሱን የሚከላከለው በቄራ የሚደረግ ምርመራ፣ ሥጋውን በሚገባ ማብሰል፣ ወይም ለብዙ ቀን በበረዶ ማቆየት ነው። አባ ሠንጋም ቢሆን ሳይመረመር በጓሮ የታረደ ከብት የሚያመጣው መቅሠፍት ነው። ስለዚህ የቄራው ሐኪምና የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሥራቸው አንዱ የሌላውን የሚተካ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን የሚፈጽም ነው። ቄራው መርምሮ ማኅተም ያሳረፈበትን ንጹሕ ሥጋ ቆሻሻ ግንድ ካበላሸው የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ዕቃ ታጠበ የሚባለው እንዴት ሲሆን ነው? ብዙ ሰው ማጠብና መወልወልን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ቆሻሻውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ማዞር ነው። ትክክለኛው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ጮማውና ትርፍራፊው ይፋቃል። ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ይታሻል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ከዚህ በኋላ ብቻ ተሐዋስያንን የሚገድለው ነገር ይመጣል፤ ይኸውም ወይ የፈላ ውኃ ነው፣ ወይ በረኪና። በመጨረሻም ዕቃው በጨርቅ ሳይነካ በአየር ይደርቃል። ጮማው ሳይነሣ በረኪና ማፍሰስ ጥቅም የለውም፤ ቅባቱ ተሐዋሲውን እንደ ጥላ ይጋርደዋልና።

በውጭ አገር ቄራዎች ለቢላዋ መንከሪያ የሚፈለገው የውኃ ሙቀት ቢያንስ 82 ዲግሪ ነው። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ከተፈለገው በላይ ነው። እንግዲህ አንድ ማንደጃና አንድ ድስት ያለው ሥጋ ቤት፣ ሁለት ቢላዋ ይዞ አንዱ ሲሠራ ሌላውን በፈላ ውኃ ውስጥ ቢያቆየው ትልቅ ነገር አደረገ ማለት ነው። በረኪናም ቢሆን ውድ አይደለም። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈበት በረኪና 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጠውን፣ በ10 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ የታጠበውን ዕቃ ለአንድ ደቂቃ ያህል መንከር ይበቃል። ይህ ግን ለዕቃ እንጂ ለሥጋው አይደለም፤ ከሌላ መድኃኒትም ጋር አይቀላቀልም።

ስለ መፍጫው ማሽን በተለይ ማሳሰብ እንወዳለን። የተፈጨ ሥጋ ውጪው ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይበከላል። ማሽኑም ካልተፈታ አይጸዳም፤ ጠመዝማዛው፣ ወንፊቱና ምላጩ ተለያይተው መታጠብ አለባቸው። በአሜሪካ ለምግብ ሻጮች አርአያ እንዲሆን የወጣው ደንብ ሙቀቱ ባልተቀነሰ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መቁረጫ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ እንዲታጠብ ያዛል። «ማታ ስንዘጋ እናጥበዋለን» የሚለው ልማድ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የት እንዳለ ራሱ ይናገራል። የተሰነጠቀውም ግንድ ወይ በመላጊያ ተልጎ ይስተካከል፣ ወይ ለማገዶ ይሁን። ጨጓራና አንጀት የሚቆረጥበት ለብቻው፣ ለጥሬ የሚሆነው የሚቆረጥበት ለብቻው ቢሆን፣ ገንዘብ የሚቀበለውም ሌላ ሰው ቢሆን ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የሽማግሌውን መልስ አልረሳነውም። ውኃ በሌለበት ንጽሕናን መስበክ ቀላል ነው። የመቀሌ ነዋሪ ለብዙ ዓመታት ውኃን በተራና በጀሪካን እየጠበቀ ኖሯል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ተፈረመ ድረስ በቆየው ጦርነት ደግሞ መብራት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ነጋዴ እንኳ ከሌለው ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ከዚያ መከራ ተነሥቶ ሱቁን እንደ ገና የከፈተን ሰው በቅጣት ብቻ ማስፈራራት ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ሥጋ ቤቶች ባሉበት ሰፈር የውኃውን ተራ ቢያስቀድም፣ ባለ ሥጋ ቤቶችም ተባብረው ባለ ቧንቧ ሮቶ ቢያስተክሉ፣ ቄራውም ከሁሉ በፊት የፈላ ውኃ እንዳያጣ ቢደረግ፣ ከዚያ በኋላ ቅጣት ቢመጣ ሰው ሁሉ ትክክል ነው ይላል።

የሕግ እጥረት ግን የለብንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የወጣው የሥጋ ምርመራ ዐዋጅ ቍጥር 274 ነበረ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ወጥተው፣ ዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 ስለ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተደንግጓል። የባለሞያም ታሪክ አለን፤ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋር የንጽሕና ተቆጣጣሪዎችን ማሠልጠን ከጀመረ 70 ዓመት አልፎታል። የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ሥራ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ምንጭ ማጎልበትና ገበያ መመልከት ነበር። እጃቸውን ሳያቆሽሹ የሚሠራ ሥራ አልነበረም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ይህን አስቡበት። ወረቀት መመርመር ቀላል ነው፤ ቀኑ አለፈ፣ አላለፈም ብሎ መፈረም ብቻ ነው። ግንዱን ጎንበስ ብሎ ማየት፣ መፍጫውን «እባክዎ ይፍቱት» ማለት፣ ከጠዋቱ ይልቅ ገበያው በደራበት ሰዓት መምጣት፣ ያወቁትን ሽማግሌ ሳያፍሩ ማረም ከባድ ነው። ነገር ግን መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ለከባዱ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ አስተምሩ፤ በሁለተኛው የተሻሻለውን ተመልከቱ፤ ውኃም ዕቃም እያለው አሻፈረኝ ያለውን ግን በሦስተኛው ዝጉበት። ከዘመድና ከጉርሻም ተጠበቁ። በአንድ ኪሎ ሥጋ ዐይኑን የጨፈነ ተቆጣጣሪ፣ የጨፈነው በመንገደኛው ሁሉ ሕይወት ላይ ነው።

እናንተም ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስለ ተሐዋስያን የተማራችሁት ለፈተና ብቻ አይሁን። ገዢ ዝም ሲል ሻጭ የሚታረምበት ምክንያት የለም። ያ ወጣት «አቦይ» ብሎ በአክብሮት እንደ ጠየቀው፣ እናንተም በትሕትና «ቢላዋውን ያጥቡልን» በሉ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሻጩ ሊገረም ይችላል፤ አሥር ሰው ሲጠይቅ ግን ልማዱ ይለወጣል። ግንዱን አይታችሁ ከተጠራጠራችሁም በሚገባ የበሰለውን ማዘዝ ነውር አይደለም፤ ከአንድ ቀን ጥሬ የነገ ጤንነት ይበልጣል። በቤታችሁም ሥጋ የከተፋችሁበትን መክተፊያ ሳታጥቡ ሰላጣ እንዳትቆርጡበት እናቶቻችሁንና እኅቶቻችሁን እርዱ።

ከመቀሌ ከመመለሳችን በፊት በዚያው ሥጋ ቤት አጠገብ ስናልፍ ያ ወጣት ተቆጣጣሪ ከበሩ ላይ ቆሞ ከሽማግሌው ጋር ሲነጋገር አየነው። በእጁ የያዘው የወረቀት ማኅደር አልነበረም፤ ብሩሽና አንድ ጠርሙስ በረኪና ነበር። ሽማግሌውም ግንዱን ወደ ደጅ አውጥተው በፀሐይ ላይ አጋድመውት ነበር። ግንዱ ገና አልተላገም፤ ውኃውም ያው የጀሪካን ውኃ ነበር። ሆኖም ሁለቱም ሰዎች ጎንበስ ብለው ስንጥቁን እያዩ ነበርና፣ ሥራው ከተገቢው ቦታ መጀመሩን ተመልክተን ደስ ብሎን መንገዳችንን ቀጠልን።